የጃፓን መኪና በደብረ ብርሃን ብርድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሼባ ዲኤክስ የምትባል አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ኮፈኗን ከፍቼ በቆምኩ ቁጥር አንድ ሰው አጠገቤ ቆም ይልና ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ዞረው ዞረው ያው ናቸው። እዚህ ልጻፋቸውና እስቲ ቡናዬን ሳይቀዘቅዝ ልጠጣ።

ሰሜን ሸዋ ላይ የጃፓን ስፖርት መኪና? የምርህን ነው?

ግማሹ ቀልድ ነው፤ ግማሹ የምር። ልጆቹ ስልካቸው ላይ የሚያዩዋቸው መኪኖች፣ ማለትም ኒሳን ስካይላይን ጂቲአር፣ ቶዮታ ሱፕራ፣ ማዝዳ አርኤክስ7፣ እዚህ የሉም። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ አንድም ሱፕራ ቆሞ አይቼ አላውቅም። ግን ዘወር ብላችሁ መንገዱን እዩት። ዲኤክስ፣ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ሀይሉክስ። የምንነዳው ሁሉ ከዚያው ሀገር የመጣ ነው።

ጃፓኖቹም ቢሆኑ ይህን ፍቅር የያዙት በውድ መኪና ብቻ አይደለም። ብዙው ወጣት የጀመረው በርካሽ አሮጌ መኪና ነው። ፋብሪካዎቹም ሳያስቡት ረድተዋቸዋል። ከ1989 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የጃፓን መኪና ሰሪዎች በሀገር ውስጥ ለሚሸጡት መኪና ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለማስመዝገብ በቃል ተስማምተው ነበር። ወረቀቱ ላይ 280 ይጻፋል፤ ሞተሩ ግን ከዚያ የበለጠ እንዲችል ሆኖ የተሰራበት ጊዜ ብዙ ነው። ፋብሪካው የቆጠበውን ማውጣት የባለቤቱ ስራ ሆነ። እኛ ዘንድ የቆጠበ ፋብሪካ የለም። የእኛን ጉልበት የሚቆጥበው ተራራው ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ሱፕራ ወይም ስካይላይን ከጃፓን ላስመጣ?

አይሆንም። ጃፓኖች የሚነዱት በመንገዱ ግራ ስለሆነ መሪያቸው በቀኝ ነው። እሱን እንኳ ብታዞሩት፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጀና ሞተሩ በገዘፈ መኪና ላይ የጣለው ግብር እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ነበር። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። በቃ፣ ያለን ያለን ነው። ዛሬ ሀገር ውስጥ ያለችውን አንዷን አሮጌ ኮሮላ መንከባከብ ሞኝነት የማይመስለኝ ለዚህ ነው።

ታዲያ በየትኛዋ ልጀምር?

በየቀኑ ስራ የምትወስዳችሁ አንድ መኪና ብቻ ከሆነች ያለቻችሁ፣ ዘጠናዎቹ ውስጥ የተሰራች 1.3 ኮሮላ ግዙና እንደ ፋብሪካው ተዋት። የምሬን ነው። መጫወቻ መኪናና የእንጀራ መኪና አንድ ሲሆኑ ሁለቱም ይበላሻሉ።

መጫወቻ ከፈለጋችሁ ግን ዲኤክስ ናት። ጉልበቷ ወደ ኋላ እግር ነው የሚሄደው፣ ሞተሯ ቀላል ነው፣ ኮፈኑን ስትከፍቱት መሬቱ ይታያችኋል። ሽቦው ጥቂት ነው። ችግሯ ዝገት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ምንጣፉን አስነስታችሁ ወለሉን በስክሪውድራይቨር ነካ ነካ አድርጉት። ባለቤቱ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ቪትዝ ለሚወዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ሀገር ካሉት ቪትዞች ብዙዎቹ መሪያቸው ገልፍ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። አንዳንዱ በጥንቃቄ ተሰርቷል፤ አንዳንዱ እግዚአብሔር ይሁነን። ክሩስኮቱ ስር ጎንበስ ብላችሁ የመሪው ዘንግ የሚያልፍበትን ላሜራ እዩ። የተቆረጠው ቦታ በወጉ ተበይዷል ወይስ በማስቲሽ ተለስኗል? የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ ይንሸዋረራል? ሌላው ብዙ ሰው የማያየው መብራቱ ነው። የጃፓን የፊት መብራት የግራውን ጠርዝ እንዲያበራ ተደርጎ የተሰራ ነው። እኛ በቀኝ ስንነዳ ያ ብርሃን የሚያርፈው ከፊት የሚመጣው ሹፌር አይን ላይ ነው። ማታ ሁሉም ረጅም መብራት የሚያበራባችሁ ከሆነ ሰዉን አትርገሙ፤ ጥፋቱ የእናንተው መብራት ነው።

ዲኤክስ ከዚያች ታዋቂ የድሪፍት (ኩርባ ላይ እያንሸራተቱ የመንዳት) ኮሮላ ጋር ዘመድ ናት ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ያውም የቅርብ ዘመድ። የእኛዋ ዲኤክስ ኢ70 ከሚባለው የኮሮላ ትውልድ ናት። በ1979 እ.ኤ.አ. ነው የወጣችው። በ1983 አዲሱ ኮሮላ ሲመጣ ባለ አራት በሯ የፊት እግር ነጂ ሆነች። ሌቪንና ትሩኖ የሚባሉት ባለ ሁለት በሮች ግን ከአሮጌው ትውልድ በተወረሰ አካል የኋላ እግር ነጂ ሆነው ቀሩ። ኤኢ86 የሚሏት እሷ ናት። ከስር ስታዩዋት ከዲኤክስ ጋር እህትማማች ናቸው።

ልዩነቱ ሞተሩ ነው። የእሷ 4ኤ-ጂኢ 1,587 ሲሲ፣ ባለ 16 ቫልቭ፣ በጃፓን ወረቀት 130 የፈረስ ጉልበት። የእኛዋ 4ኬ 1,290 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱም የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ልክ እንደ እኛዋ ያለችውን መኪና እየፈለጉ ገዝተው ለድሪፍት ይሰሯታል። እኛ ደግሞ ድንች እንጭንባታለን። እኔ በዚህ አላፍርም፤ ድንቹም ጥሩ ነው።

ሸዋ ሮቢት ላይ ስትጋልብ የነበረች መኪና ደብረ ብርሃን ስትወጣ ለምን ትለግማለች?

በብዛት የሚጠየቀው ይሄ ነው። በብዛት የሚከሰሰው ደግሞ ማደያው ነው፤ ቀጥሎ መካኒኩ። ሁለቱም ንጹህ ሊሆኑ ይችላሉ። ተጠያቂው አየሩ ነው።

የቤንዚን ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን አስራ አምስት ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። ጣርማበር አናቱ ላይ ከ3,000 ያልፋል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ባህር ዳርቻ ላይ መቶ ጉልበት የነበረው ሞተር ሸዋ ሮቢት ላይ 85 ገደማ፣ እኛ ከተማ 70 ገደማ ይቀረዋል። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ያን ያህል ጉልበት አለቀ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀውም።

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው እቃ) ያላት መኪና ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አላት። ካርቡሬተሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ልክ ያፈሳል። ስለዚህ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ደረቅ ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ በሽታው ይሄ ነው፤ ጤነኛው ካንዴላ ቡና አይነት ነው መልኩ። መድሀኒቱ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ በጠበበች መቀየር ነው። ታይሚንጉንም፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚጭርበትን ቅጽበት፣ ትንሽ ወደፊት ማስቀደም ይረዳል፤ ቀጭን አየር ውስጥ እሳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ግን ወደ ቆላ ስትወርዱ ኪው ኪው ኪው የሚል ድምጽ ከሞተሩ ከሰማችሁ መልሱት። ያ ድምጽ የፒስተን ለቅሶ ነው።

ቪትዝና ዘመናዊዎቹ ቤንዚኑን ራሳቸው ይመጥናሉ። ጭስ የላቸውም። የጠፋው ጉልበት ግን ለእነሱም አይመለስም።

የሚመልሰው ተርቦ ነው። ተርቦ ሳሳውን አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። የሱባሩ ኢምፕሬዛና የሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን ደጋ ላይ የሚያስቀኑት ለዚህ ነው። እኛ ጋ ተርቦ የሚገኘው በብዛት ናፍጣ ሀይሉክስ ላይ ነው። ጉዶበረት ዳገት ላይ ሀይሉክስ ድንች ጭኖ ሲያልፋችሁ አትናደዱ፤ እሱ ሌላ አየር ነው የሚተነፍሰው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጭራሽ አየር አይፈልግም። ይህን ስናገር ጥርሴን ነክሼ ነው።

የደብረ ሲና ዳገት ላይ ሁሌ ትፈላብኛለች። ትልቅ ራዲያተር ልግጠም?

ቆይ። መጀመሪያ ክዳኑን።

ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ90 ገደማ ነው። ሽሮ ለምን ቆይቶ እንደሚበስል እናቶቻችን ያውቁታል። ሞተር ደግሞ ሲሰራ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው ሙቀቱ። ስለዚህ ክፍት ድስት ቢሆን ኖሮ ትንሽ ዳገት ያፈላው ነበር። የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ውሃውን በዚያ ግፊት አፍኖ ሲይዘው እኛ ከፍታ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል። ያኔ መኪናችሁ የሽሮ ድስት ሆነች ማለት ነው። አዲስ ክዳን ከራዲያተር ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ይህን የተማርኩት በነጻ አይደለም። አንድ ጋራዥ «ትፈላለች» ስላልኩ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን በር) አውጥቶ ጣለልኝ። የእኛ ሀገር የመጀመሪያው መድሀኒት ይሄ ነው፤ አውጥቶ መጣል። ደብረ ብርሃን ውርጭ ውስጥ ሞተሩ መሞቅ አቃተው፣ ቤንዚን መጠጣት ጀመረ፣ ክዳኑን ግን ማንም አላየውም። ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ከደብረ ሲና በላይ ኩርባው ላይ ሙቀት መለኪያው ቀይ ገባ። እኔ ጅሉ ቆምኩና ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት። እንፋሎቱ ክንዴን ላጠው። አንዲት እናት በጀሪካን የምንጭ ውሃ ይዘው መጡልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። እኔ ግን እሱንም በጋለ ሞተር ላይ ደፋሁት። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣመመ። ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሄደ። ቶርኖ ቤት ተልኮ እስኪመለስ በእግሬ ሄድኩ።

ስለዚህ ስትፈላ ቁሙ፣ ኮፈኑን ብቻ ክፈቱ፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ። ጭላዳዎቹን ተመልከቱ። ከዚያ ክዳኑን በቀስታ፣ ውሃውን ሞተሩ እየሰራ በትንሽ በትንሹ። ቤት ስትደርሱ ደግሞ የቧንቧ ውሃውን አውጥታችሁ ኩላንት ሙሉ። ህዳርና ታህሳስ ለሊት እኛ ጋ ውሃ ይረጋል፤ የረጋ ውሃ ራዲያተር ይሰነጥቃል።

መጀመሪያ ምን ላሻሽል?

ፍሬን። ሁሉም ሰው ሞተር የሚል መልስ ጠብቆ ነው የሚጠይቀኝ፤ ፊቱ ሲወድቅ ያሳዝነኛል።

ሂሳቡን ስሙኝ። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ወደ 1,900 ሜትር ትወርዳላችሁ። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ብትያዝ፣ ሸራዎቹ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ሰባት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ እስከ መጨረሻው ጠብታ እንፋሎት ያደርገዋል። ሰባት ሊትር! ለዚህ ነው ጭነት መኪኖቹ ያን የሚያቃጥል ሽታ የሚሸቱት። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር እስካሁን የሚተካው አልተገኘም።

ከዚያ የፍሬን ዘይቱ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። ከሁለት ዓመት በላይ ያልተቀየረ ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይሩት። አንድ ጀለሴ መኪናው ከተሰራች ጀምሮ የፍሬን ዘይቷ መቀየሩን አያውቅም ነበር። ቀለሙ እንደ ጠላ ነበር።

ጎማም እዚህ ውስጥ ይገባል። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ድንጋይ ነው፤ ጉም በያዘው አስፋልት ላይ ደግሞ ሳሙና።

ዝቅ እንድትል ሞላውን ላስቆርጥ?

አስቆርጬ አይቻለሁ። መልኳ አምሮ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ አባቴን ለቅሶ ላደርስ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያው ፍጥነት መቀነሻ ላይ ሆዷ ተፋቀ። አባቴ ወረዱ። ሁለተኛው ላይም ወረዱ። ሶስተኛው ላይ ሳልጠይቃቸው ራሳቸው በሩን ከፍተው «አንተ ልጅ፣ ይቺን መኪና እኔ ነኝ እንዴ የምሸኛት?» አሉኝ። ቀሪውን በእግራቸው ሄዱ። ቀድመውኝ ደረሱ።

ከቀልዱ ባሻገር፣ የተቆረጠ ሞላ መኪናዋ ስትዘል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ጠባዩን ለውጧል። አሞርዛተሩም ለዚያ ቁመት አልተሰራም፤ ወዲያው ያልቃል። ኮብልስቶን ላይ ለምትውል መኪና ጥሩ አሞርዛተርና ጤነኛ የሞላ ጎማ ከማንኛውም ዝቅታ የተሻለ አያያዝ ይሰጣሉ። ዝቅ ማድረግ የግድ ከሆነ ለዚያው ተብሎ የተሰራ አጭር ሞላ ፈልጉ። ካላገኛችሁ ትቅር።

ማርሚታውን ባስወልቅ ጉልበት ይጨምራል?

ድምጽ ይጨምራል። ጎረቤትም ይጨምራል፤ በር ላይ።

የአየር ፊልትሮውን ሳጥን አውጥቼ ክፍት ፊልትሮ ብገጥምስ?

ኮፈን ውስጥ ያለውን ትኩስ አየር ነው የሚስበው፤ ትኩስ አየር ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ያለን አየር ሳይበቃ! የመንዝ መንገድ አቧራ ሲጨመርበት ፋሻችሁ (የፒስተኑ ቀለበት) ከዓመት አያልፍም። ሳጥኑን መልሱት።

ዲኤክስ ላይ ትልቅ ሞተር ማስገጠም ይቻላል? ሊብሬው ምን ይሆናል?

ይቻላል። ቀላሉ መንገድ እዚያው ቤተሰብ ውስጥ መቆየት ነው። 5ኬ የሚባለው የ4ኬ ታላቅ ወንድም ነው፤ 1,486 ሲሲ። ላይትኤስና ታውንኤስ ሚኒባሶች ላይ ይገኛል። እዚያ ሞተሩ ወንበር ስር ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የስሩን የዘይት መያዣና የሞተር መቀመጫዎቹን ከአሮጌው ላይ ማዛወር ያስፈልጋል። ካምቢዮው እዚያው ይገጥማል። ደጋው የወሰደባችሁን ጉልበት ከሞላ ጎደል ትመልሳላችሁ።

ሊብሬ ላይ ግን የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ቀይራችሁ ዝም ካላችሁ ለቦሎ ስትቀርቡ ወይም ስትሸጡ ይወጣል። ሞተሩን ስትገዙ የሻጩን ውልና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ተቀበሉ። ከመግጠማችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ምን እንደሚጠይቁ እወቁ። ወረቀት የሌለው ሞተር በግማሽ ዋጋ ከቀረበላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ የሆነ ሰው መኪና ውስጥ የነበረ ነው። ቀለም መቀየርም እንደዚሁ ሊብሬ ላይ መመዝገብ አለበት። የሶስተኛ ወገን መድንም ሳይታደስ አይሆንም።

መለዋወጫ ከየት ታመጣለህ?

ከመርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ነው። የወለቀውን እቃ ይዛችሁ ሂዱ። በፎቶ አትመኑ፤ «ያው ነው» የሚል ሻጭም አትመኑ። ኩሽኔታና የፍሬን ሸራ ላይ ብር አትቆጥቡ። ስፖኪዮና ፍሬቻ ኮፒ ቢሆን ማንም አይሞትም።

የምትገናኙት የት ነው? ማንም መምጣት ይችላል?

ማህበር የለንም፣ ክፍያ የለም፣ ስምም የለንም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጸሀይ ብርዱን ስትሰብር፣ አምስት ስድስት መኪና አንድ ሰፊ ቦታ ላይ እንቆማለን። የግቢውን ባለቤት እናስፈቅዳለን። ቡና ይመጣል፣ ቆሎ ይዞራል፣ ኮፈን ይከፈታል። ሁለት ሰዓት ስለ ካርቡሬተር ይወራል። አንዳንዴ ከአዲስ አበባም ይመጣሉ፤ ስስ ጃኬት ለብሰው።

ህጉ ጥቂት ነው። የሰው መኪና ሳታስፈቅዱ አትንኩ። በቀለሙ ላይ አትደገፉ። አሮጌም ብትሆን አታሹፉባት፤ ልጁ ደሞዙን ነው ያፈሰሰባት። ጋዝ ሰጥቶ ማስጮህ፣ ጎማ ማጨስ ክልክል ነው። ዮኮሃማ ውስጥ ዳይኮኩ የሚባል የአውራ ጎዳና ማረፊያ አለ። የዓለም መኪና ወዳጅ ሁሉ የሚመኘው መገናኛ ነው። እዚያ እንኳ ሰው ሲበዛና ሁካታ ሲነሳ ፖሊስ በድምጽ ማጉያ አስወጥቶ ይዘጋዋል። ዳይኮኩ ከተዘጋ የእኛ ሜዳማ ምን አላት?

አረቄ የለም። የደብረ ብርሃን አረቄ ዝናውን እናውቃለን፤ ቤት ስትገቡ ትደርሱበታላችሁ። ጥር 7 እና ሐምሌ 7 አንገናኝም፤ ሥላሴ ነው፣ መንገዱ የሰው ነው። ክረምት ላይም ብዙም አንሞክርም። ከሌላ ከተማ የምትመጡ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። በዚህ ዘመን ይህን መናገር አያስፈልግም ነበር፤ ግን ልናገር።

ሴቶች ይመጣሉ?

ይመጣሉ። ከመካከላችን ካርቡሬተር አፍታታ ሳታስተርፍ የምትገጥመው አንዲት እህታችን ብቻ ናት። እኔ ሁሌ አንድ ብሎን ይተርፈኛል።

ጃፓኖች ተራራ ላይ ነው የሚወዳደሩት። ጣርማበር ላይ ለምን አንሞክርም?

አይሆንም። እርግጥ ነው፣ ድሪፍት ያደገው በጃፓን የተራራ ኩርባዎች ላይ ነው፤ ማታ፣ ከህግ ውጪ። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ግን ዲ1 የሚባለው ውድድር ተቋቁሞ ጎበዞቹ ወደ ዝግ ሜዳ ገብተዋል። የእኛ መንገድ ደግሞ ወደ ደሴ የሚያልፈው ዋናው መንገድ ነው። ኩርባው ጀርባ ተሳቢ አለ፣ አህያ አለ፣ እንጨት የተሸከመች ልጅ አለች። ጣሊያን ያሰራው ዋሻ ጨለማ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ የራሳችሁ ኮፈን አይታያችሁም። በዚያ መንገድ ላይ ፈጥኖ መንዳት ችሎታ አይደለም።

ኩርባ የሚወድ ሰው በ40 ሄዶም ይደሰታል። ማርሹን በሰዓቱ መቀነስ፣ ከኩርባው በፊት ፍሬን መጨረስ፣ ከውስጥ ሲወጡ በለስላሳው ነዳጅ መስጠት። ጠዋት አንኮበር መንገድ ላይ ሞክሩት።

ሚስቴ ይህን ሁሉ ወጪ እንዴት ታየዋለች?

የእኔዋ ደረሰኞቹን አግኝታቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ለመኪናው አንድ ብር ባወጣሁ ቁጥር ለቤቱ አንድ ብር ነው። ወጥ ቤቱ አምሯል።

ጠዋት በብርዱ አልነሳ ትላለች። ምን ይሻላል?

ማታ የመንዝ ባና ኮፈኗ ላይ ጣል አድርጉላት። ጠዋት ግን ከማስነሳታችሁ በፊት አንሱት፤ ረስቶት ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ቾኩን ሙሉ ሳቡ፣ ነዳጅ አንዴ ብቻ ረገጥ አድርጉ፣ ከዚያ እግራችሁን አንሱና ቁልፉን አዙሩ። ደጋግማችሁ ከረገጣችሁ ካንዴላውን በቤንዚን ታጥቡታላችሁ። ከተነሳች በኋላ ሚኒሞዋ እስኪረጋጋ ሁለት ደቂቃ ታገሱና ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሶስቴ ሞክራችሁ እምቢ ካለች ባትሪውን አታድክሙ። እኛ ሰፈር ቁልቁለት አለ፤ ሁለት ጎረምሳ ጥሩ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ስትለቁ ትነሳለች።